የአረፋው በሬ ደንደስ

አባቴ ሸረፋ ቃሉን የማያጥፍ ገበሬ ነበር። እናቴ ሀያት ብዙ የምትሰማ፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ነበረች። አጎቴ ነስሩ መርካቶ ሱቅ ነበረው፤ በዓመት አንዴ ለአረፋ ብርቱካንና ወሬ ጭኖ ይመጣል። አባ ሙዘይን የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሥጋ ሲከፋፈል ሚዛኑ የእሳቸው ዓይን ነበር። መምህር ተክሌ ከእምድብር መጥቶ ቡታጅራ ላይ ሳይንስ ያስተማረን ወጣት ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ፣ ምላሴ ከዕድሜዬ የቀደመ ልጅ ነበርኩ። በሬውም አለ፤ ያለ እሱ ይህ ነገር አይነገርም።

እኩዮቼ የዚያን ጊዜ ክፍል ታስታውሳላችሁ። ጭቃው ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ይሸታል፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጣብበን እንቀመጣለን፤ የጠመኔው ብናኝ ፊተኞቹን ያስነጥሳቸዋል። መምህር ተክሌ ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረና «ይህ ደንደስ ነው፤ የጀርባ አጥንት። ይህ ያለው እንስሳ ሁሉ ደንደሴ ይባላል» አለን። ከዚያ በአምስት ከፈላቸው፤ ዓሣዎች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ እነ እባብና አዞ ያሉበት ገበሎ አስተኔዎች፣ አእዋፍ፣ አጥቢዎች። ዓሣ፣ እባብና ዶሮ የአንድ ቤት ዘመዶች መሆናቸውን የሰማሁበት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በፊት እንስሳ ለእኔ የሚበላና የማይበላ ብቻ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የሚያሳየን ነገር ስላልነበረው መምህራችን አጥንት ፈልጉ አለን። አንዱ ከዝዋይ ዓሣ የምታመጣ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ የዓሣ አጥንት ይዞ መጣ። ሌላው አጥንቱ እንደ ጨሌ የተደረደረ የደረቀ እባብ አገኘ። የዶሮ አጥንት ሞላ። እንቁራሪቷን መምህር ተክሌ ራሱ ከወንዝ ዳር አመጣት። አጥቢው ብቻ ጎደለ። እጄን አውጥቼ «እኔ የበሬ ደንደስ አመጣለሁ፤ ሳይሰበር» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።

የሳቁት እውነት ነበራቸው። በእኛ አገር የአረፋ በሬ የአንድ ሰው አይደለም፤ ጎረቤት ተጋርቶ ያርደዋል። ደንደሱ በመጥረቢያ ይሰባበርና ለየቤቱ አንዳንድ ቁራጭ ይደርሳል፤ የበዓሉ መረቅ የሚጣፍጠው በእሱ ነው። ለአንዱ ቤት ሥጋ ብቻ፣ ለሌላው ሥጋና አጥንት ከደረሰ ቅሬታው እስከሚቀጥለው አረፋ አይበርድም። ሙሉ ደንደስ ለአንድ ልጅ መስጠት የሰፈሩን ድርሻ ማጉደል ነበር።

እኔን ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። አጎቴ በዚያ አረፋ ይዞኝ ሊሄድ ነው። ወንድ ልጅ ጠንከር ሲል መርካቶ ወርዶ ንግድ ይማራል፤ አባቴም ቃል ሰጥቷል። የተማርኩትን በሰው ፊት ባሳይ አባቴ ይኮራል፣ ትምህርቴንም እንድጨርስ ይተወኛል ብዬ አሰብኩ። ተስፋዬ በሙሉ ያ አጥንት ላይ ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ከሶላት መልስ በሬው ታርዶ ቆዳው ላይ ተዘረጋ። የተነጠፈው የእንሰት ኮባ ትኩስ ሽታ ከደሙ ሽታ ጋር ይመጣል፤ ከቤት ውስጥ ደግሞ የሚነጠር ቅቤ ያውዳል። ሥጋው ተነስቶ መደብ በመደብ ተደረደረ። ዋዜማውን አባቴን ለምኜው «ለአጥንት ብለህ ከጎረቤት ልታጣላኝ ነው?» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ አጎቴ እጅጌውን ሰብስቦ መጥረቢያውን ሲያነሳ፣ ሄጄ ደንደሱ ላይ በሆዴ ተኛሁበት። ገና ይሞቅ ነበር።

«ተነስ አንተ! አዲሱን ልብስህን!» ብሎ ጮኸ አጎቴ።

«አይሰበርም።»

«ምን ሊያደርግልህ ነው? እንደ እንሰት ልትተክለው ነው?»

ወንዶቹ ሳቁ። አባ ሙዘይን ምርኩዛቸውን ወደ አባቴ ቀስረው «ሸረፋ፣ ይኼ ልጅህ ታሟል ወይስ ተምሯል?» አሉ። «ተማርኩ ካለ ይንገረን፤ እንስማው» አሉ ሽማግሌው።

ደረቴ በደም እንደተነከረ ተነሳሁ። ዓሣ ከጭንቅላቱ ጎን ባለው ስንጥብ እንደሚተነፍስ፣ እንቁራሪት በውሃ ተፈልፍላ በየብስ እንደምትኖር፣ እባብ ከላይ እስከ ታች ደንደስና የጎድን አጥንት መሆኑን ተናገርኩ። ፊታቸው ፈካ፤ አባቴ እንኳን ቀና አለ። በመጨረሻ አጥቢዎች ላይ ደረስኩ። «ላም፣ ፍየል፣ ግመል፣ ውሻ፣ ጅብ፣ ሰው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ።

«ሰው?» አሉ አባ ሙዘይን። «ከጅብ ጋር?»

«አዎ።»

«አስተግፊሩላህ! በአረፋ ቀን! አላህ አክብሮ የፈጠረውን!»

አባቴ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተራመደ። «ሰውን አውጣና እንደገና ቁጠር» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ባወጣው ሁሉም እንደሚያልፍ ገብቶኛል። ግን እውነት ነው ብዬ የተማርኩትን ነገር ሰው ስለተቆጣ እንዴት ልተወው? «አላወጣም። እናቴ አጥብታኛለች» አልኩ።

ያን ጊዜ እናቴ ከበሩ ጋ ተናገረች። «አጥብቼዋለሁ! ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጡቴን እየነከሰ! ጅብ ቢሉትስ ምን ይገርማል?»

ሴቶቹ ከውስጥ እልል አሉ። ወንዶቹ ሆዳቸውን ያዙ፤ አባ ሙዘይንም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሳቃቸው ሲያባራ ፈረዱ። «ሰውን አላህ በአእምሮ አከበረው፤ ልጁ የሚያወራው ስለ አጥንት ነው። ደንደሱን ይውሰድ። የየቤቱ ድርሻ ግን ከሸረፋ መደብ ይሟላ።» ከእኛ መደብ ለየቤቱ ተጨመረ። እኛም በዓሉን በጎመንና በቆጮ ዋልን።

ማታ አባቴ ጠራኝ። «ደንደሱ ያንተ ነው። ሰውን ከቁጥሩ ብታወጣ ኖሮ ነስሩን ‹ዓመቱን ይጨርስ› ልለው ነበር። አንተ በሰው ፊት አላወጣም አልከኝ። ትሄዳለህ።» ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው ብያችኋለሁ።

አጥንቱን ቀቅዬ፣ በአመድ አሽቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩት፤ ከመምህር ተክሌ ጋር በሽቦ ሰካነው። በምሄድበት ቀን አባቴ ሊወስደኝ መጣ። መምህራችን አክብሮ ወንበር ሰጠውና የበሬውን አንገት አጥንት አስቆጠረው፤ ሰባት ነው። «የሰውም ሰባት ነው፣ ጋሼ» አለው። አባቴ እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደና ቀስ ብሎ ዳሰሰ። «የሰካቸው አንድ ነዋ» አለና እጄን ይዞ ወጣ። ወደ ትምህርቴ ግን አልመለሰኝም።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ከመርካቶ ወረቀት ነው። በአጎቴ ሱቅ ቅመም የምንጠቀልልበት አሮጌ የመማሪያ መጽሐፍ በኪሎ ይገዛ ነበር፤ ገጹን አንብቤ ሳልጨርስ በርበሬ አልጠቀልልበትም። ዛሬ ቡታጅራ የራሴ ሱቅ አለኝ። ልጆቼን በቁጣ አሳድጌያለሁ፤ ይህንንም አልደብቅም። አንድ ነገር ግን ከልክያቸው አላውቅም፤ ያወቁትን ፊቴ ላይ መናገር።

ልጄ ራህማ ወልቂጤ ሥነ ሕይወት ትማራለች። እኛ አጥንት ለማየት የለፋነውን እሷ ስልኳ ላይ በጣቷ ታሽከረክረዋለች። ባለፈው ስትመጣ «አባ፣ ያ አምስት ምድብ እኮ አርጅቷል። ወፎች ከገበሎ አስተኔዎች ወገን ናቸው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «በል እንጂ! ዶሮና አዞ?» አልኳት፤ አንቺ ማለት እንኳን ጠፍቶኝ። «አዎ» አለችኝ፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ግቢ ወጥታ ዶሮ ይዛ መጣችና የዶሮዋን እግር ቅርፊት አሳየችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ተቀበልኩ። እሷም ምሳዋን በልታ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ማንም ከትምህርት ቤት አላወጣትም። በእኔ ጊዜና በእሷ ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ስልኩ አይደለም፤ ይህ ነው።

እንደገና ልጅ ብሆን ያ ደንደስ ላይ እተኛበታለሁ። ዋጋውን ግን ደብቆ መፎከር ነውር ነው፤ ስለዚህ ልደምረው። ጎረቤቶቻችን የአንድ አረፋ መረቅ ቀረባቸው። አጎቴ ደንበኛ አስቁሞ ወረቀት የሚያነብ ሠራተኛ ደረሰው። መምህር ተክሌ አጥንቱን አገኘ፣ ያመጣለትን ተማሪ አጣ። እኔ ትምህርት ቤቴን። አባቴ ስለዚያ ቀን ሳንነጋገር ሞተ። እናቴ ደግሞ ለእኔ ብላ ተናግራ ጎረቤቱን ሁሉ ብታስቅም፣ ልጇን ከዚያ ወዲያ በዓመት አንዴ፣ እንደ እንግዳ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ ብቻ አየችው።