ወጌሻዬ ለምስክርነት የቆሙ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ቡሬ ፍርድ ቤት ውስጥ... በገዛ ምስክሬ ተረታሁ። እስቲ ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

ፍኖተ ሰላም ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በቀኝ እግሬ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ጨርቅ ልገዛ ቡሬ ሄጄ፣ የነቀምት መታጠፊያው ጋ መንገድ ስሻገር አንድ ባጃጅ መጣና ያንኑ ቀኝ እግሬን ገጨኝ። ግራው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ «ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ» አለኝ። እኔ ደግሞ አጥንት ሲሰበር ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ባልነበረበት ቤት ነው ያደግኩት። «ጀሶ ካሰሩህ እግርህን ደህና ሰንብት በለው» ይባላል እኛ ጋ። ታላቅ ወንድሜ በዚያው ቀን አሳፍሮ ፈረስ ቤት አካባቢ አያ ታከለ ዘንድ ወሰደኝ።

አያ ታከለ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ሰውም ያሻሉ፣ በሬም ያሻሉ። እግሬን ዳሰስ አደረጉና «ከሁለት ቦታ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም... ጩኸቴ ቆላ ድረስ ተሰምቷል አሉ። በቀርከሃ አስረው፣ በቅቤ እያሹ፣ ሁለት ወር ሙሉ ቤታቸው አስተኝተው አቆሙኝ። ያበሉኝ በእጃቸው እያጎረሱ ነው። ወልጄ አሳደግሁት የሚሉትን ልጅ እንኳ እንዲያ አላስታመሙም።

መሄድስ እሄዳለሁ። የስፌት መኪናውን ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ መርገጥ አቃተኝ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሆነ ነገር ይወጋኛል፣ ብርድ ሲሆንማ አታንሱት። ድሮ በቀን ሦስት ሱሪ እጨርስ የነበርኩት ሰውዬ አሁን አንዷን ስታገል እውላለሁ። ከስፌት ሌላ ሙያ የለኝም። ምን ላድርግ... ካሳ ይከፈለኝ ብዬ ከሰስኩ።

የባጃጁ ባለቤት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወለም ብሎት ነው እንጂ አልተሰበረም። ተሰብሬያለሁ ካለ የሐኪም ወረቀት ያምጣ!»

ወረቀት ከየት ላምጣ? አያ ታከለ ማኅተም የላቸው። «አሁንም ቢሆን ሂድና ተመርመር» ያለኝ ሰው አልጠፋም። ግን አያ ታከለ በያዙት እግር ላይ ሌላ እጅ ማስነካት... ቢሰሙ በምን ፊቴ አያቸዋለሁ? ክሱን የጻፈልኝ ሰውዬ ራሱን አከከና «በል እንግዲያስ ያሹህን ሰው ምስክር ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አያ ታከለ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምለው ቆሙ። የባጃጁ ባለቤት ጠበቃ ተነሣ።

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም። ሐኪም ያቃተውን ነው የማሸው።»

«ታዲያ መሰበሩን በምን አወቁ?»

«በእጄ ነዋ! እስቲ እጅህን አምጣ።»

ጠበቃው ሳያስበው ዘረጋላቸው። አያ ታከለ የእጁን አንጓ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረጉና «ልጅ ሆነህ ከዛፍ ወድቀሃል። ያሸህ ሰው ቸኩሏል» አሉት።

ጠበቃው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። «ከዛፍ አይደለም... ከበቅሎ ነው» አለ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ራሳቸው ወረቀት አንሥተው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔማ ልቤ ጮቤ ረገጠች፣ መሰበሬን ከእንግዲህ ማን ይክዳል!

ዳኛዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጠየቁ። «አባቴ፣ እግሩ ላይ የቀረ ጉዳት አለ? ወደፊት ሥራውን ለመሥራት ይቸገራል?»

ካሳዬ ያለችው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። አያ ታከለ ግን ፊታቸው ልውጥ አለ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አልህ አንተ? እኔ ያሸሁት እግር ጎደሎ ነው ልታሰኝ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ?»

«ኧረ አያ፣ እንዲያው ትንሽ...»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስንቱን አሽቻለሁ! በእኔ እጅ አንካሳ ሆኖ የቀረ ሰው የለም! ተነሥ አንተ! እስቲ ሂድ ይዩህ!»

ላነክስ አሰብኩ። ማስመሰልም አያስፈልገኝም ነበር፣ የጠዋቱ ብርድ ገብቶበት እግሬ እየጠዘጠዘኝ ነው። ግን ቀና ስል አያ ታከለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጋቢያቸውን ጨብጠው ያዩኛል። ያ የሁለት ወር ጉርሻ ትዝ አለኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ ቀጥ ብዬ እስከ በሩ ሄድኩ። ዞሬም ተመለስኩ።

«አያችሁ!» አሉ አያ ታከለ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

ከሰዓት ፍርዱ ተነበበ። ለተኛሁበት ሁለት ወር ተፈረደልኝ፣ ለቀሪው ዕድሜዬ የጠየቅኩት ውድቅ ሆነ።

ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም። ቢሆንም አያ ታከለን መነኸሪያ መሸኘት አይቀርልኝም። (ስንወጣ ጠበቃው እጁን ይዞ «መቼ ብመጣ ይመችዎታል?» እያላቸው ነበር።) መኪናው እስኪሞላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ግራ ቀኝ አዩና ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ልጮህ ስል «ዝም በል!» አሉኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሩ ጋ ስትዞር አይቼሃለሁ። እዚች ላይ አልገጠመችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ና፣ እንደገና አሻታለሁ። አደራ፣ ለሰው እንዳትነግር።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። «እሺ አያ» አልኳቸው።

ክሱን የጻፈልኝ ሰውዬ «ይግባኝ በል፣ ማስረጃ ብቻ ፈልግ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ማስረጃውማ አሁን አለኝ... ግን ቃል ገብቻለሁ፣ አያ ታከለ ያልኳችሁም ትክክለኛ ስማቸው አይደለም።