ለወፎች የተቆረሰው ድፎ ዳቦ

ዛሬ አንዲት ጫጩት ዓይኔ እያየ ተበላች። ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው።

ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ እዚህ ውጭ አገር ከምኖርበት ሰፈር ከላንድማርክ ሦስት ሰዓት ነድቼ ወደ ውቅያኖሱ ዳርቻ ሄድኩ፣ ተርን ለማየት። ተርን አሸዋ ላይ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ነጭ ወፍ ናት። እየጠፋች ስለሆነ የምትፈለፍልበትን ቦታ በገመድ ያጥሩላታል።

ጎረቤቴን እማማ ጥሩነሽን «ቤት ከሚውሉ» ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። (ዘመዶቼ ወፍ ለማየት ጋዝ ማቃጠሌን እንደ በሽታ ነው የሚያዩት። እሳቸው ብቻ ናቸው ያልሳቁብኝ።)

በባይኖኩላር መነጽሬ ስፈልግ ጫጩቷን አገኘኋት። አሸዋ መስላ ተኝታለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ዞር ስል እማማ ከፌስታላቸው ድፎ ዳቦ አውጥተው እየቆረሱ ይበትናሉ። «ፍጥረትን ማብላት ጽድቅ ነው፣ ልጄ።»

ሲገል የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ሰማዩን ሞሉት። ዳቦውን ጨርሰው ወደ ገመዱ ዞሩ። አንዱ ጫጩቷን አንስቶ ዋጣት።

መግቢያው ላይ «ወፎችን አትመግቡ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ በእንግሊዝኛ። እኔ አንብቤው አልፌያለሁ። ለእሳቸው መንገር ትዝም አላለኝ።

እናቷ ዓሣ በአፏ ይዛ መጣች። ባዶው አሸዋ ላይ ደጋግማ ዞረች።

እማማ ከዚህ ሁሉ ምንም አላዩም። መኪና ውስጥ «ተባረኪ፣ ዛሬ ነፍሴ ደስ አላት። የዛሬ ሳምንት፣ ቅዳሜ ስንመጣ፣ ትልቅ ድፎ እጋግርላቸዋለሁ» አሉኝ።

«እሺ፣ እማማ» አልኩ።

ደግ ሰው ሳያውቅ ያደረሰውን ጉዳት ነግራችሁት የምታውቁ ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።