ቀዳዳ የሌለው ግንብ

«ግብዓት» የሚባለውን ቃል ስሰማ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል። ቃሉ ምን በደለ? በደሉስ የሰዎቹ ነው።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬ አፈርና መሠረት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝና «እናንተ የአካባቢው ባለሙያዎች፣ መንግሥትን በሙያችሁ አግዙ» ተባልኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። አገር ያስተማረኝን ለአገር ልመልስ ብዬ አንድ የውሃ መሐንዲስ ጓደኛዬንም ጎትቼ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያሳዩን ጌጃ ሰፈር ውስጥ ያለ ረጅም የድንጋይ ግንብ ነበር። ከላይ መንገድ ነው። ከሥሩ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ከነሚስቱ የሚኖርበትም የሚሠራበትም ቤት አለ። የኔን ሱሪ ሁሉ የሚያሳጥርልኝ እሱ ነው። ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ወደ ቤቱ አዘንብሏል። ከኋላው ያለው አፈር ውሃ ጠጥቷል፤ ውሃው እንዲወጣ ተብለው የተተዉት ቀዳዳዎች ገሚሶቹ በጭቃ ተደፍነዋል። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። እዚያው ቆሜ ሰፊውን «ክረምቱ ሳይጠነክር ለቃችሁ ውጡ» አልኩት። «ኢንጂነር፣ እርስዎ ካሉ እሺ» አለኝ። በሳምንቱ የስፌት መኪናውን አስጭኖ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር እህቱ ቤት ገባ።

ስብሰባው ላይም ይህንኑ ተናገርኩ። ቀዳዳዎቹ ይጠረጉ፣ ግንቡ እስኪታደስ ድረስ ከሥሩ ሰው አይደር፤ በቃ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «በጣም ጠቃሚ ግብዓት ነው» አለ። ተጨበጨበ። ጓደኛዬ ሊያብራራ ሲነሣ «ሰዓት ስለሄደብን ሻይ ላይ እንቀጥላለን» ተባለ። ሻይ ላይ የቀጠለው ሳምቡሳው ብቻ ነው። ከዚያ ግንቡ ሥር ወስደው የግንባታ ቆብ አጥልቀውልን ፎቶ አነሡን።

ብዙም ሳይቆይ የበላይ አለቆች ለጉብኝት ይመጣሉ ተባለ። አለቃ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ቀለም ይገዛል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግንቡ ከዳር እስከ ዳር ተለስኖ፣ አረንጓዴ ተቀብቶ ጠበቀኝ። ቀዳዳዎቹስ? በሲሚንቶ ድፍን! ደሜ ፈላ። በነጋታው መሥሪያ ቤታቸው ስሄድ ስብሰባውን የመራው ኃላፊ በኩራት ተቀበለኝ።

«በእናንተው ግብዓት መሠረት ነው እኮ፣ ኢንጂነር። ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ባለሙያዎቹ የግንቡን የውሃ ችግር አንሥተዋል› ይላል። ይኸው፣ አሁን ጠብ አይልም!»

«ውሃው የት የሄደ መስሎህ ነው? ከኋላ ተጠራቅሞ ይገፋዋል እኮ! ዛሬውኑ አስከፍቱት!»

«ጥሩ፤ ይሄንንም እንደ ግብዓት እንይዘዋለን» አለኝ፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

ወይ ጉድ! ድንቁርና ቢሆን እኮ ይሻል ነበር፤ ድንቁርናን ያስተምሩታል። ይሄ ግን ማን ይጎበኘናል እንጂ ማን ይሞትብናል የማይል ክርፋት ነው። አፌን ምራቅ ሞላው፤ ምንጣፋቸው ላይ አልተፋሁም እንጂ።

በቀጥታ ወደ ግንቡ ወረድኩ። እዚያ የባሰ ጠበቀኝ። ሰፊው ተመልሶ በሩ ላይ ይሰፋል።

«ምነው? ምን ሆነህ ተመለስክ?»

«ከቢሮ መጥተው ኢንጂነሮቹ አይተው አስተካክለውታል፣ ግቡ አሉን። ፎቷችሁም እዚያ ቢሮው ማስታወቂያ ላይ ተለጥፏል።»

«እኔ ግቡ አላልኩም! በል ተነሥ፣ አሁኑኑ ውጣ!»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካና ቀና ብሎ አየኝ። «አሁንስ ግራ ገባኝ፣ ኢንጂነር። አንዴ ውጡ፣ አንዴ ግቡ። እህቴንም አስቸገርኳት፤ ደንበኞቼም የሚያውቁኝ እዚህ ነው። እስቲ ቅዳሜ እናያለን» አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች።

ዝናቡ ቅዳሜን አልጠበቀም። ግንቡ ዓርብ ከሰዓት ቤቱ ላይ ተደረመሰ። ሚስቱ ገበያ ነበረች። እሱን ጎረቤት ተረባርቦ ከነሕይወቱ አወጣው፤ ቀኝ እጁ ግን ተቆረጠ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እዚህ እምቢ ያለው ሌላ፣ መከራ የመከረው ሌላ።

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስቱ በሩ ላይ አስቆመችኝ። «እኛ እኮ ይጠረግ እንጂ ይደፈን አላልንም፤ ግቡም አላልንም» አልኳት። ስናገር ራሴን ጠላሁት።

«አውቃለሁ፤ እርስዎ አላሉም» አለችኝ ቀስ ብላ። «እነሱ ብቻ ቢሉን እኮ አንመለስም ነበር። እነሱን ማን ያምናቸዋል? ኢንጂነሮቹ ብለዋል ሲሉን ነው የተመለስነው።»

ብርቱካኑን አልተቀበለችኝም። ይዤው ተመለስኩ።