የአክስቴን ልጅ ራስ ያጠብኩበት ዓርብ

እናቴ ሹሩባ የምትሠራኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እሷ በርጩማ ላይ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ጉልበቶቿ መሀል እቀመጣለሁ። እናቴ ልጅ ማቀፍ የማይሆንላት፣ ስትስም እንኳ የምትቸኩል ሰው ነበረች። እጇ እኔ ላይ የሚቆየው ጸጉሬን ስትሠራ ብቻ ነው። ቅዳሜን የምወደው ለዚህ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ጸጉሬ አጭርና ስስ ስለሆነ ሥራው ቶሎ ያልቃል።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ የአክስቴ ልጅ ከጎሬ መጥታ መቱ እኛ ቤት ገባች። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሞታ ነበር። አባትየው ሌላ ሚስት ሊያገባ ነው ሲባል እናቴ ራሷ ሄዳ አመጣቻት። ልጅቱ በዕድሜ እኩያዬ ናት። የያዘችው አንዲት የቆርቆሮ ሻንጣ ነው፤ ጸጉሯ ግን ወገቧ ላይ ይደርስ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ምንጣፉን አንጥፌ፣ ሚዶውን አቅርቤ ልቀመጥ ስል እናቴ፣ «አንቺ ቆይ፤ መጀመሪያ የእሷን ልሥራ» አለችኝ። ቆየሁ። የእሷ ጸጉር ተፈትቶ፣ ተበጥሮ፣ ቅቤ ጠጥቶ፣ ተሠርቶ ሳያልቅ መሸ። እናቴ በየመሀሉ ሚዶውን አቁማ ጸጉሩን በእጇ ትመዝነዋለች። «የእህቴን ጸጉር ነው የወሰደችው፤ ቁርጥ እሷን» ትላለች። እኔን በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቆማ ነው የሠራችኝ።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። ምግብ ስትጎርስ ቀናሁባት፣ ስታስል ቀናሁባት። እናቴ በቀን ስንት ጊዜ «ልጄ» እንደምትላት እቆጥር ነበር። ከሁሉ የባሰው፣ እሷ ጥሩ ልጅ መሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንገላገል ነበር፤ እሷ ግን ደብተሬን በጋዜጣ ትለብድልኛለች፣ እንጨት ልሸከም ስል ትቀማኛለች። ይሄም ያናድደኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ በትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል ሲደረግ ለእንግዶቹ አበባ እንድታቀርብ እሷ ተመረጠች። በዓሉ እሑድ ነው። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ተመልሳ፣ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራይታ ጸጉር መሥራት ጀምራ ነበር። ትልቅ መስተዋት አላት። በከሰል የሚግል የብረት ማበጠሪያ አላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚወራለት በቆርቆሮ የመጣ ነጭ መድኃኒት ነበራት። መድኃኒቱ ሲቀቡት ጸጉሩን ቀጥ አድርጎ ያስተኛዋል፤ ዝናብ ቢመታው እንኳ አይመለስም ይባል ነበር። በመቱ ዝናብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በፊት እኔ ጸጉሬን ልተኮስ ብዬ እናቴን አንድ ወር ለምኛታለሁ። «አበድሽ?» ነበር መልሷ። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀቻት። እናቴ፣ «እናትሽ ብትኖር እምቢ አትልሽም ነበር» ብላ ፈቀደችላት። ያን ምሽት እራት አልበላም አልኩ። ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም።

ማክሰኞ ዕለት ቀጠሮ እንድይዝላት የተላክሁት እኔ ነኝ። ባለሙያዋ ለቅዳሜ ጠዋት ሰጠችኝና ልወጣ ስል በሩ ላይ ይዛ አስቆመችኝ።

«ስሚኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ። «እስከ ቅዳሜ ራሷን እንዳትታጠብ። እንዳታክክ፣ ሹሩባም አጥብቃ እንዳትሠራ። ቅቤው ራሷ ላይ ይቆይ፤ ባይኖራት እንኳ ተቀብታ ትምጣ። ይሄ መድኃኒት ባዶ ራስ ካገኘ ቆዳ ነው የሚበላው። ከነገርኩሽ አንድ ቃል እንዳትረሺ!»

«እሺ እትዬ» አልኳት። አልረሳሁም። እስከ ዛሬም አንድ ቃል አልረሳሁም።

ቤት ስገባ «ቅዳሜ ጠዋት ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ ለራሴ። ረቡዕ አለፈ፤ ሐሙስም አለፈ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ጸጉሯን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። «እንዲህ ቅቤ ቅቤ እየሸተትኩ የአዲስ አበባ ሴት ፊት ልቀመጥ? የገጠር ልጅ ናት ትለኛለች። ታጠቢኛለሽ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ቀና ብዬ ሳይ እናቴ ለእሑድ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ እየተኮሰችላት ነው፤ አጎንብሳ፣ ቀስ ብላ፣ አንገትጌውን በጣቷ እያቃናች። የእኔን ቀሚስ ራሴ ነበርኩ የምተኩሰው። «ነይ» አልኳት።

ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ከነበረው በርሜል የዝናብ ውሃ ቀዳሁ፤ አሞቅሁት። በእንዶድ አንድ ጊዜ፣ በልብስ ሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኳት። የቅቤ ጠብታ እንዳይቀር ቆዳዋን በጥፍሬ ፈተግሁት። ዓይኗን ጨፍና፣ ውሃው በአፍንጫዋ እየወረደ፣ «እጅሽ እንዴት ደስ ይላል! እኔ እኮ የምትጠይኝ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። ሌላ ውሃ አፈሰስኩባት።

ቅዳሜ ባለሙያዋ መድኃኒቱን በእንጨት እየዛቀች ስትቀባት እኔ ጥጉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ብዙም ሳይቆይ የአክስቴ ልጅ የወንበሩን ክንድ ጨበጠች። «ያቃጥላል» አለች። «ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ቻይው» አለቻት። ቀጥሎ ጮኸች። ባለሙያዋ ጸጉሩን ገልጣ ቆዳውን ስታየው ደነገጠች፤ ጎትታ ወስዳ ውሃ ደፋችበት። ከውሃው ጋር ጸጉሩ በጭብጥ በጭብጥ እየወጣ መታጠቢያው ውስጥ ወደቀ።

«ማል ጎቴ? ምን አደረግሽ? ታጥበሻል እኮ!» አለቻት። ከዚያ በጣቷ እኔን አሳየቻት። «ይቺ እህትሽ የነገርኳትን አልነገረችሽም?»

የአክስቴ ልጅ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ፊቴን ያየ ሰው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም ነበር።

«ነግራኛለች» አለች። «እኔ ነኝ የረሳሁት።»

እሑድ አበባውን ሌላ ልጅ አቀረበች። እናቴ የተረፈውን ጸጉር በመቀስ ከሥሩ አነሳችው። እየቆረጠች ታለቅስ ነበር፤ አክስቴ የሞተች ቀን እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ቁስሉ እስኪደርቅ ለጋ ቅቤ በጣቷ ጫፍ ትቀባታለች፤ ከዚያ በኋላ ብረትም መድኃኒትም እዚያ ራስ አጠገብ አልደረሰም። ብዙውን ጸጉር አበቀለችው፤ ከግራ ጆሮዋ በላይ ግን የመዳፍ ያህል ቦታ ሳይበቅል ቀረ።

የቅዳሜ ቦታዬም ተመለሰልኝ። ተመልሼ ጉልበቶቿ መሀል ተቀመጥኩ። እናቴ የራሴን ግማሽ ሠርታ እጇን ታቆማለች። ዞሬ ሳያት ዓይኗ ማዶ፣ ሻሽ አስራ መጽሐፍ የምታነበዋ ልጅ ላይ ነው። የፈለግሁትን አግኝቼም ደስታ ራቀኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላጣሁትም ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሶር ወንዝ ልብስ ልናጥብ ወረድን። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ስንጨምቅ፣ «ለምን ዋሸሽልኝ?» አልኳት። ደግነቷን እንድትነግረኝ፣ እኔም በደግነቷ እንድቀናባት የተዘጋጀሁ ይመስለኛል።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለችኝ፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «አንቺ ልጇ ነሽ። ብናገር ትገርፍሻለች፣ ትኮራረፋላችሁ፣ በሳምንቱ ትታረቃላችሁ። እኔን ግን ባየችኝ ቁጥር ልጄን ያስገረፈችኝ ትለኛለች። ያ ቤት አንዳችንን የሚያስወጣበት ቀን ቢመጣ የምወጣው እኔ ነኝ። ደግሞ የት እሄዳለሁ?»

አንሶላው ከእጄ አመለጠና ጭቃው ላይ ወደቀ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት» አለች፤ «እለምንሻለሁ።»

እናቴ እስክትሞት አልነገርኳትም።