ቀጭ የማይል ካሜራ

ዲላ ውስጥ ካሜራ የሚመረጠው ለሚያነሳው ፎቶ አይደለም፣ ለሚያየው ሰርገኛ ነው። ትልቅ ከሆነና አንገት ካጎበጠ ጥሩ ካሜራ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስቱዲዮዬ መጥተው «እህት፣ የቱን ልግዛ?» ሲሉኝ «ምን ልታነሱበት ነው?» እላለሁ። «ከኋላ ብዥ እንዲል ነው» ይላሉ። ለብዥታ ይሄን ያህል መድከም! ስልካችሁ ይበቃችኋል ብዬ እሸኛቸዋለሁ፤ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ።

ለራሴ ስመርጥ ግን ከልቤ አስቤበታለሁ። አሮጌው ካሜራዬ ባነሳ ቁጥር ቀጭ! የሚለው እንደ በር መቀርቀሪያ ነበር። አንድ ሰርግ ላይ መጋቢው ጸሎታቸውን አቋርጠው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እህታችን በሩን ዘግታ ስትጨርስ እንቀጥላለን» አሉ። ጉባኤው በሙሉ ሳቀ፤ እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ድምፅ የሌለውን አዲሱን ዓይነት የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ደብዘዝ ያለ ቤት ውስጥም ጥርት አድርጎ ያነሳል። አክስቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብላ መለሰችልኝ።

የመጀመሪያ ሥራው ፍስሐ ገነት ከተማ የተደገሰ ሰርግ ነበር። ሙሽራዋ እዚሁ ዲላ የምታስተምር ልጅ ናት፤ ስታነጋግረኝ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባዬ ሲስቅ አንድ ፎቶ። ቤት ያሉት ፎቶዎች ላይ ሁሉ የተቆጣ ይመስላል፤ እሱ እኮ እንደዚያ አይደለም። ባሌ የሚሠራው ሩቅ አገር ነው፤ ያንን ኮስታራ ፊት ይዤ መሄድ አልፈልግም።»

አሳዘነችኝና ቃል ገባሁላት።

አባትየው ቡና አምራችና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጓሮ፣ እንሰቱ ፊት፣ ከልጃቸው ጎን አቆምኳቸው። እጃቸውን ጎናቸው ላይ ለጥፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ደረቁ። አነሳሁ።

«አለቀ፣ አባባ» አልኩ።

አልተነቃነቁም። «አላለም» አሉ በከንፈራቸው ጫፍ።

«ምን አላለም?»

«ቀጭ አላለም።»

ይሄኛው ድምፅ የለውም ብዬ አስረዳሁ። ከኋላ የቆሙት ወንድማቸው በሐዘኔታ አዩኝና «ልጄ፣ አትፈሪ፤ ባትሪው ካለቀ አለቀ በይ» አሉኝ። ፎቶውን በካሜራው ስክሪን አሳየኋቸው። አባትየው አዩትና ተመልሰው ቦታቸው ላይ ደረቁ። ዘመድ ሁሉ ተሰልፎ ትንፋሹን ይዟል፣ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ እኔን ላብ አጥምቆኛል። በልቤ ድምፅ አልባ ካሜራ ያስገዙኝን መጋቢ አማሁ።

ያኔ ሙሽራዋ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለችና ባለ በሌለ ኃይሏ «ቀጭ!» አለች።

አባትየው ክው አሉ። ዞረው አዩዋትና ሳቃቸው መጣ። ጎናቸውን ይዘው፣ የጎደለ ጥርሳቸውን ለአገር አሳይተው ተንከተከቱ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቬሏ ወደ ጆሮዋ ተንሸራተተ። እኔ ዝም ብዬ አነሳሁ፣ አነሳሁ። አሮጌው ካሜራ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀጭታ ተመልሰው ይደርቁ ነበር።

ሙሽራዋ የራሷን ፎቶ ይዛ ከባሏ ጋር ሄደች። የአባትየውን በትልቁ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ራሴ ወሰድኩላቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ብዙ አዩት። አልወደዱትም ብዬ ፈራሁ።

«አባቴ ሲስቅ እንዲህ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ፎቶ የለውም።»

ከዚያ ተነሱና ፍሬሙን ደረታቸው ላይ አቅፈው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «ከአባቴ ጋር አንሺኝ» አሉና ትንፋሻቸውን ያዙ።

አነሳኋቸው። አልተነቃነቁም።

«ቀጭ» አልኩላቸው።