ጉራጊኛ የሚችል ስታንድ

መገርሳ በየማለዳው ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጋቢ ያዝላል። ከቤቴል አየር ጤና ልምምድ ቤት ድረስ የሚሄደው በታክሲ ነውና ወያሎቹ ለምደውታል።

«ጋሼ፣ ልጁ ዛሬም አልተሻለውም?» ይለዋል አንዱ በሩን እየከፈተ።

«ተሽሎታል፤ ጥርሱ ነው የሚያስቸግረው» ይላል መገርሳ።

ውሸት አይደለም። ከነጫጮቹ ቁልፎች ሁለቱ አንዴ ከተጫኑ አይነሱም።

መገርሳ የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች ነው። ሰው የሚያስታውሰው ግን በጥር ወር ሳንሱሲ አንድ ሠርግ ላይ በገጠመው ነገር ነው። ዘፈኑ ወደ ጉራጊኛ ሲዞር ሠርገኛው መሬቱን ይደበድበው ጀመር። ኦርጋኑ የተቀመጠበት፣ እንደ መቀስ የሚከፈተው ስታንድ እግሮቹን ቀስ በቀስ አንፈራጥጦ ተዘረጋ፤ ኦርጋኑም ከነዜማው የሙሽራዋ አክስት እትዬ አስካለማርያም ጭን ላይ አረፈ።

እሳቸው ሳህናቸውን ወደ ጎን አደረጉና፣ «ልጄ፣ ስጦታ ለሙሽሮቹ ነው የሚሰጠው» አሉት።

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ የጠራው የለም። አሁን ደግሞ እኚሁ ሴትዮ የራሳቸውን ልጅ ሊድሩ ነውና ላኩበት፤ «ይምጣ፤ ዕቃው ዳግመኛ ከወደቀ ግን በዚህ ሰፈር ሠርግ ላይ አይታይ።»

ሠርጉ እሑድ ነው። መገርሳ ቅዳሜ ጧት አዲስ ኦርጋንና ስታንድ ሊገዛ ሚስቱን ሰርኬን ይዞ አየር ጤና ጀማል የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገባ። ዓይኑ ያረፈው ከሁሉ በረዘመው ኦርጋን ላይ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«እዘለው» አለች ሰርኬ።

«ምን?»

«እዘልና ከበሩ ውጣ።»

አዘለ። ኦርጋኑ በሁለቱ መቃኖች ላይ እንደ መወርወሪያ ተጋደመ፤ መገርሳም ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማይል ሆነ።

«ጋሽ መገርሳ፣ ወገብዎን!» ብሎ ጀማል ሮጦ አላቀቀው።

ከዚያ አጭሩን አወጣለት፤ ቀላል ነው፣ ድምፁም ጥሩ። መገርሳ ከንፈሩን ጣለ። «የልጅ መጫወቻ ይመስላል።»

«የረጅሙን የዳር ቁልፎች በየትኛው ሠርግ ልትነካቸው ነው?» አለች ሰርኬ። «አቧራ ስትጠርግ ካልሆነ!»

በዚህ አጭሩን ለመግዛት ተቆረጠ። ጀማል ስታንድ አመጣ፤ እንደ መቀስ የሚከፈት፣ ቀላል። ሰርኬ አልተከራከረችም። ስታንዱ ላይ ባዶ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ጀማል የጀመረውን ሻይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ምታ!» አለችው ባሏን።

መገርሳ አጭሩን ኦርጋን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ጉራጊኛ መታ። ሰርኬ ወለሉን ስትደልቀው ካርቶኑ መጀመሪያ ተንሸራተተ፣ ቀጥሎ አዘነበለ፣ በመጨረሻ ሻዩ ፈሰሰ።

«ሻዬን!» አለ ጀማል።

«ሌላ አስመጣ፤ ስታንዱንም ሻዩንም» አለችው።

ሁለተኛው ስታንድ እንደ ጠረጴዛ አራት እግር ያለው ከባድ ብረት ነው። ጭፈራው እንደገና ሲጀመር ባትሪ ሊገዙ የገቡ ሁለት ጎረምሶች ሳይጠሩ ገቡበት። የመደርደሪያው ጊታሮች ሁሉ አንጎራጎሩ። ስታንዱ ላይ የተቀመጠው አዲሱ ሻይ ተንቀጠቀጠ እንጂ ጠብ አላለም።

መገርሳ ብረቱን በአንድ እጁ ሊያነሳ ሞከረና ተወው። «ይሄንንስ ማን ይሸከማል?»

ሰርኬ ላቧን ጠረገች። «ልጁን አንተ እዘል፤ አልጋውን እኔ እይዛለሁ።»

እሑድ ጧት ሁለቱም ወደ ሳንሱሲ ይሄዳሉ። ጉራጊኛው ከምሳ በኋላ ነው።