የአዴ ፋጡማ መደርደሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ለአንድ ቡፌ ብዬ ነው። ደንበኛዬ ለአዲሱ ሳሎኗ ከዋንዛ እንጨት የሚሠራ፣ የአገር ባህል የሚታይበት ውድ ቡፌ አዝዛኛለች። ሁለት ጊዜ ንድፍ ባቀርብላትም ሁለቱንም መለሰችልኝ። «ያምራል፤ ግን የሆቴል ዕቃ ይመስላል» አለችኝ። ሥራው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ሲል ልጅነቴን ያሳለፍኩባት አሰላና የጎረቤታችን የአዴ ፋጡማ ቤት የእንጨት መደርደሪያ ትዝ አሉኝ።

ዳገቱ

ዴራ ላይ ሙቀቱ ያፍን ነበር። ሻጮች በሚኒባሱ መስኮት ቲማቲም ያስገቡልናል። ከዚያ ሽቅብ ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ስንዴው ግራና ቀኝ ተዘረጋ፤ ጭላሎ ግማሹ በደመና ተሸፍኖ ብቅ አለ። ሹራቤን ለበስኩ። እናቴ ነርስ ሆና ከጎጃም አሰላ ስትመደብ ያየችው ይህንኑ መንገድ ነው።

አሰላ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ። ሰፈሩ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ የአዴ ፋጡማ ግቢ ግን አልተነካም። በር ላይ ስጣራ ራሳቸው ወጡ።

«የሲስተር ልጅ! ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቢ!»

መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር እንደቆመ ነው። ሟቹ ባላቸው ናቸው የሠሩት። ድሮ አንገታቸው በዛጎል ያጌጠ የወተት ጮጮዎች በቁመታቸው ይደረደሩበት ነበር። እናቴ ተረኛ ስትሆን ከእነሱ እርጎ እየተቀዳልኝ ነው ያደግኩት። አሁን ፔርሙስና የፕላስቲክ ጆግ ተቀምጠውበታል። ጥግ ላይ አንዲት ጮጮ ብቻ ቀርታለች።

«ሌሎቹስ የት ሄዱ፣ አዴ?»

«ሴት ልጆቼ ሲያገቡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይዘው ሄዱ።»

«ይቺስ ለምን ቀረች?»

ግርም ብሏቸው አዩኝ። «ያንቺ ናታ! እናትሽ ተዛውራ ይዛሽ ሄደች። በማን ልላክልሽ?»

እንባዬ ሲመጣ እየሳቁ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሂን ቦኢን፤ አታልቅሺ።»

እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ንድፉን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከፎቶ የገለበጥኳቸውን ቅርጾች ተውኳቸው። መሃሉን ክፍት፣ መስታወት የሌለው፣ የልጅ እጅ የሚደርስበት አደረግኩት። አዴ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው «እዚህ ጋ ከፍ አድርጊው፤ የጮጮዋ ክዳን ረጅም ነው» ይሉኛል።

መመለሻ

እሁድ ማታ ቤቴ ገባሁ። ደንበኛዬ ንድፉን ስታይ «አክስቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለች። ሥራው ተጀመረ።

እኔ ግን ከቡፌው ይልቅ ሌላ ነገር ይዤ ተመልሻለሁ። አሰላ ስንኖር ራሳችንን ለሥራ የመጣን እንግዶች አድርገን ነበር የምናየው። ለካ እኔ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ቤት ውስጥ ከሴት ልጆቹ ጋር ስቆጠር ኖሬያለሁ።